ለልየው የተለቀሰበት ዓመት

የልጅ ልጄ ሰሞኑን ከትምህርት ቤቷ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ተውሳ መጣችና ምሳ ከበላንበት ጠረጴዛ ላይ ከፈተችው። እኔ እንደ ልማዴ የወጥ ጠብታ እንዳይነካው ጠረጴዛውን በጨርቅ ላብስ ብዬ ጎንበስ ስል ሽታው መጣብኝ። ያረጀ ወረቀት ሽታ፤ አቧራ፣ ትንሽ ሻጋታ፣ ትንሽ ደግሞ የብዙ ሰው እጅ። ከልጅነቴ መጽሐፍ ጋር ሲተያይ የጎደለው ላምባ ብቻ ነበር። የእኔው መጽሐፍ ከደብረ ማርቆስ በጭነት መኪና ሲመጣ ከላምባ ጣሳ ጎን ተጭኖ ስለነበር ከዳር እስከ ዳር ላምባ ላምባ ይሸት ነበር። ሳነበው የዋልሁ ቀን እጄን ታጥቤም ቢሆን የምቆርሰው እንጀራ ላምባ ላምባ ይለኛል።

ልጅቱ የቤት ሥራ አላት። ስለ ጦርነት ዘመን ከተጻፈ ታሪካዊ ልብ ወለድ ተማሪ ምን ይማራል የሚል ነው። አገር መውደድ፣ ጀግንነት፣ አንድነት ብላ ጽፋ፣ ሌላ ምን ልጨምር እያለች ብዕሯን ትነክሳለች። ብዕር አትንከሺ፣ ቀለሙ ሆድሽን ያምሻል አልኋት። ቀና በይ፣ ወገብሽ ይጎብጣል አልኋት። ወደ መስኮቱ ዙሪ፣ ዓይንሽ ይደክማል አልኋት። ልጆቼንም እንዲህ እያልሁ ነው ያሳደግሁ፤ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ጃንጥላ ታስይዘናለች እያሉ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል። ጥያቄውን ግን ልጅቱ ለእኔ አላቀረበችልኝም። ከሰባተኛ ክፍል ያላለፈች አያት ስለ ልብ ወለድ ምን ታውቃለች? እኔም ዝም አልሁ። ዝም ያልሁት መልስ አጥቼ ሳይሆን መልሱ ረጅም ስለሆነ ነው። እሷ ጽፋ ከተኛች በኋላም ስላልወጣልኝ ይኸው ጻፍሁት።

በንጉሡ ጊዜ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ብጠየቅ እሳሳታለሁ፤ ኮንጎ ጫማ ገበያ የወጣበት ሰሞን ነው ብል ግን እኩዮቼ ያውቁታል። ፍኖተ ሰላም እንደ ዛሬው በፎቅና በባጃጅ አልተሞላችም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገድ መሃሏን ሰንጥቆ ይሄዳል፤ አውቶቡስ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው አቧራው ነው፤ አቧራው ሲታይ እንቁላልና ሸንኮራ አገዳ የሚሸጡት ሁሉ ነጠላቸውን አራግፈው ይነሳሉ። ሽማግሌዎች ከተማዋን በአዲሱ ስሟ አይጠሯትም፤ ወጀት ነበር የሚሏት። መታጠፊያው ላይ የአረቡ ሱቅ ነበረ፤ ስኳሩም፣ ክሩም፣ መርፌውም፣ ላምባውም እዚያ ነው። ፊት ለፊቱ ያለው ሻይ ቤት ሬዲዮ ስለነበረው ከትምህርት ቤት ስንመለስ ዘፈኑ እስኪያልቅ ጫማችንን የምናስር መስለን ጎንበስ ብለን እንቆማለን። አብዛኞቻችን ጫማ አልነበረንም፤ ባለ ሻይ ቤቱ ግን አንድም ቀን ምን እያሰራችሁ ነው ብሎን አያውቅም። በአምስት ሳንቲም ሁለት ብስኩት ይገኛል፤ በስሙኒ የተገዛ እንቁላል ሰፌድ ይሞላል። የትምህርት ቤት ልብሴ ከአቡጀዲ ተሰፍቶ በሱቅ ቀለም ሰማያዊ የተነከረ ቀሚስ ነበር። ዝናብ ሲመታኝ ቀለሙ በእግሬ ይወርዳል፤ ክረምት ሲገባ ጓደኞቼ ሰማያዊ እግር እያሉ ያሳድዱኛል፤ እኔም እየሮጥሁ እስቃለሁ። ዛሬ በዚያው መንገድ ሳልፍ መኪናው ያስፈራኛል፤ ያን ጊዜ የምፈራው በሬ ብቻ ነበር።

የአባቴ ቤት ከቡሬ ወደ ፈጣም ወንዝ ሲወረድ ካለች መንደር ነው። እዚያ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ፍኖተ ሰላም፣ አክስቴ ዘንድ ተቀመጥሁ። አባቴ ታላቅ እህቱን እታበባ ስለሚላቸው እኔም እታበባ እላቸው ነበር፤ ኋላ ሰፈሩም ስሙን ወረሰው። ባላቸው አያ ታምሩ የበርበሬ ነጋዴ ነበሩ። ቤታችን ከወለል እስከ ጣሪያ የቡሬ በርበሬ ነው። እኛ ለምደነዋል፤ እንግዳ ግን ገና ደፉን ሲረግጥ ያነጥሳል። ስለዚህ ውሻ አያስፈልገንም ነበር፤ ማስነጠስ ስንሰማ ይማርህ እያልን ወጥተን እንቀበላለን። አያ ታምሩ በጣልያን ጊዜ በጎረምሳነታቸው ጫካ የገቡ ሰው ናቸው። አሮጌ ጠመንጃቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ስለዚያ ዘመን ግን ሲያወሩ አይሰማም። ሰው ቢጠይቃቸው የበርበሬ ዋጋ ያነሳሉ።

ያን ዓመት ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም በኩል፣ ለልጃቸው እኔን የጠየቁ ደህና ሰዎች መጡ። አባቴ ነገሩን ለሚያኖረኝ ሰው፣ ለአያ ታምሩ ተወው። እሳቸውም እስከ ፋሲካ ትማር አሉ። የሚረባ ነገር ከተማረች ትቀጥላለች፤ የማይረባ ከሆነ ግን ከፋሲካ በኋላ ለቋሪቶች ቃል እንሰጣለን። አምስተኛ ክፍል ነበርሁ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረኝም። ማታ ማታ ዛሬ ምን ተማርሽ ይሉኛል። ስለ ዓለም ትልልቅ ወንዞች ተማርን ስላቸው ለእኛ ፈጣም ይበቃናል አሉኝ። ስለ ክፍልፋይ ስነግራቸው ግማሽና ሩብማ በርበሬ ስመዝን የኖርሁበት ነው አሉ። እታበባ ከጓዳ ሆነው ይሰሙና ምነው ልጅቱን ባያስጨንቋት ይላሉ። እሳቸው ግን መጨነቅ ሳይሆን መመዘን ነው ይሏቸዋል።

መጽሐፉ የመጣ እንዲህ ሳለን ነው። አስተማሪያችን ረጅም፣ ቀጭን፣ አረንጓዴ ሹራብ የማያወልቁ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ጮክ ብዬ ሳነብ ሰምተው ቆይ አሉኝና ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም መጽሐፍ ሰጡኝ። ርዕሱን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ስለ ጣልያን ዘመን ነው፣ ተጠንቅቀሽ ያዥው አሉኝ። ተጠንቀቂ ባይሉኝስ ኖሮ? በአሮጌ መቀነት ጠቀለልሁት፤ ፍየል እንዳይበላው ከቆጥ ላይ አደርገዋለሁ፤ እዚያ ዝናብ ያፈስበታል ብዬ አወርደዋለሁ፤ በርበሬ ይነካዋል ብዬ መልሼ እሰቅለዋለሁ። አያ ታምሩ ሲወርድ ሲወጣ አይተውት ኖሮ ምንድን ነው ያ ሕፃን የመሰለ ጥቅል አሉኝ። ነገርኋቸው። እስቲ በበዓል ቀን አንብቢው፣ የምትማሪውን በጆሮዬ ልስማው አሉ።

በእኛ አገር በዓል ይከበራል። ማርያምም፣ ሚካኤልም፣ ጊዮርጊስም ሲውል አይታረስም፣ አይፈተልም፣ አይወቀጥም፤ ቤተ ክርስቲያን ተስሞ ከተመለሱ በኋላ ሰው ፀሐይ እየሞቀ ይቀመጣል። በግቢያችን ካለው ዋንዛ ሥር አያ ታምሩ በበርጩማቸው፣ እታበባ በአጎዛቸው፣ ጎረቤታችን ጥሩሰው ደግሞ የማትፈትልበትን እንዝርት ለልማድ ያህል ይዛ ይሰበሰባሉ። ጥሩሰው ጠላ የምትሸጥ፣ ምላሷ ስል የሆነ፣ ገና ወጣት ሴት ነበረች። እኔ እጄን ታጥቤ መሃል ላይ ቁጭ እላለሁ። ታሪኩ ልየው ስለሚባል የጎጃም ጎበዝ ነው። ጸሐፊው ወጀትንም፣ ቡሬንም፣ ፈጣምንም በስማቸው ይጠራቸው ነበር። ወጀት የሚለውን መጀመሪያ ሳነብ አያ ታምሩ የዝንብ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው፣ ይኸ ሰው አገራችንን ያውቃል አሉ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። የቋሪት መንገድ ረዘመልኝ።

አድማጮቼ ግን ዝም ብለው የሚሰሙ አልነበሩም። እታበባ ለልየው ይመክሩታል፤ በዚያ በኩል አትሂድ፣ ሰውዬው ፊቱ አላማረኝም ይሉታል። ባንዳው ሲመጣ ጥሩሰው በመጽሐፉ በኩል ምራቋን እንትፍ ትላለች፤ እኔም መጽሐፉን በነጠላዬ እሸፍነዋለሁ። ልየው ለመልእክት ሲላክ ስንቅ ሳይዝ ሄደ ተብሎ እታበባ ጸሐፊውን ተቀየሙት። ዳቦ ቢጽፍለት ምን ነበር አሉ። አያ ታምሩ የሚከራከሩት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፈጣም በተነሳ ቁጥር። ጎበዞቹ በሐምሌ ፈጣምን ተሻገሩ የሚል ቦታ ሲመጣ እጃቸውን ያነሱና አቁሚ ይሉኛል። በሐምሌ ፈጣምን የሚሻገር ሰው የለም፣ ይኸ ጸሐፊ ሌላውን ያውቃል፣ ወንዙን ግን አያውቀውም ይላሉ። ጥሩሰው ትስቃለች። አያ ታምሩ፣ ጽፎታል እኮ፣ አንቱ ሊሰርዙት ነው ትላቸዋለች። እሳቸው አይስቁም።

አንድ የጊዮርጊስ ዕለት ልየው ሞተ። የሐምሌ ጎርፍ ፈጣምን ሞልቶታል፤ ጓደኞቹን አሻግሮ ከኋላ ቀረ፤ ተኩስ መጣ፤ ወንዙም ወሰደው። ሬሳውን ያገኘ የለም ይላል መጽሐፉ። እዚህ ላይ ደርሼ ሳላስበው አለቀስሁ። የእታበባ ግን እንደኔ አልነበረም። ነጠላቸውን አደግድገው ተነሡ፣ ደረታቸውን እየመቱ ልየው፣ ልየው፣ ልየው አሉ። ግቢው ተነቃነቀ። አያ ታምሩ ከበርጩማቸው ተነሥተው በጓሮ በኩል ወጡ። ያን ጊዜ ነው የሰፈሩ ሰው አጥሩን እየጣሰ የገባው። ልየው የወንድ ስም መሆኑን ማን ያስብ? የሰሙት አንዲት ሴት ልየው፣ ልየው እያለች ስትጮኽ ነው። ሬሳ መጥቶ እንዳታየው የከለከሏት መሰላቸው። አንዱ ሽማግሌ፣ ኧረ ተዉ፣ ትየው፣ እህት ናት እንደሆን፣ ምን አለበት ብትሰናበተው እያሉ ሰዉን ይገፋሉ። ሌላዋ ሬሳውን በዋንዛው ዙሪያ ትፈልጋለች። ሴቶቹ በርበሬው እያስነጠሳቸው ያለቅሳሉ፤ እያለቀሱ ያስነጥሳሉ። ማን ነው የሞተው ሲሉ ጥሩሰው እያነባች ወደ መጽሐፉ ትጠቁማለች። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ግፊያ መሃል እንዳይረግጡት መጽሐፉን ሆዴ ሥር አድርጌ እንደ ዶሮ ተቀምጬበታለሁ።

ሰዉ ነገሩን ሲረዳ አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ ግን ከመጣሁ አይቀር ብሎ ትንሽ አልቅሶ ሄደ። እታበባ አልሳቁም። በማግስቱ ጌሾ አወረዱ፣ ጠላ ጠነሰሱ፣ ለዳቦ የሚሆን ስንዴ አስለቀሙ። እንዲያ በወንዝ እንደ እንጨት ተወስዶ ያለ ፍትሐት አይቀርም አሉ። ለቄሱ የሚሰጥ የክርስትና ስም ግን ያስፈልጋል። ልየው የዓለም ስሙ ነው፤ በዓለም ስም ጸሎት አይደረግም። መጽሐፉን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ፈለግሁ፣ የለም። እታበባም፣ ሂጂና አስተማሪሽን የክርስትና ስሙን ጠይቂው አሉኝ።

አስተማሪያችን ስነግራቸው ሹራባቸውን ይዘው ሳቁ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ አስቀምጠው አስረዱኝ። ልብ ወለድ ማለት ጸሐፊው ከልቡ የወለደው ነው፤ ዘመኑ እውነት ነው፣ ጦርነቱ እውነት ነው፣ ወንዙም አለ፤ ልየው የሚባል ሰው ግን አልተወለደም። ስለዚህ የክርስትና ስም የለውም አሉኝ፤ አልተጠመቀም። ወደ ቤት የተመለስሁበት መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ሬዲዮው እየዘፈነ ነው፤ አልቆምሁም። ውሸት ሲያስተምሩሽ ኖሯል መባሌ ነው እያልሁ አሰብሁ። ፋሲካም ቅርብ ነበር። ለእታበባ፣ አልተጠመቀም አሉኝ አልኋቸው። እጃቸው ከስንዴው ላይ ቀረ።

«በአርባ ቀኑ ሳይጠመቅ ነው የሞተ?» አሉ። «እናቱ ምን ነክቷት?»

አልተወለደም እኮ ነው የሚሉት አልኋቸው። እናትም የለውም። ጸሐፊው ከልቡ ያወጣው ነው። እታበባ አልገባቸውም፤ በር ላይ የቆሙት አያ ታምሩ ግን ገባቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ያልተወለደ ሰው ነው በቤቴ የተለቀሰለት? አሉ። ጥሩሰው ደግሞ ወሬውን በጠላዋ ላይ እየቀዳች ስለሸጠችው በገበያው ቀን አያ ታምሩ በርበሬ ሲመዝኑ አንድ ወሬኛ ጠጋ ብሎ፣ አያ፣ እግዜር ያጥናችሁ፣ ሟች ስንት ገጽ ነበር ብሎ ጠየቃቸው። እንደዚያ ተናደው አይቻቸው አላውቅም። ቤት ሲገቡ ሚዛኑን እንኳ አላስቀመጡም።

«ትምህርቱ ይኸ ከሆነ በቃን» አሉ። «ከፋሲካ በኋላ ቡሬ ትመለሳለች። ለቋሪቶችም ቃል እንሰጣለን።»

መጽሐፉን በመቀነቱ ጠቀለልሁትና ሰማያዊ ቀሚሴን አጥቤ አሰጣሁት። ለሰርግ እንኳ የሚሆን ልብስ የለኝም ብዬ ማሰቤ ትዝ ይለኛል። ልጅ እንደሁ ሁልጊዜ ስለ ልብስ ያስባል።

ጠላው ግን ደርሷል፣ ስንዴውም ተፈጭቷል፤ መሪጌታም ተጠርተዋል። መሪጌታ ቅኔ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ካህን ናቸው፤ ሳይሳለሙ አያልፉም፣ ሳያነጥሱም አይገቡም። ገብተው አነጠሱ፣ ይማርዎ ተባሉ፣ ተቀመጡ። አያ ታምሩ አንገታቸውን ደፍተው ነገሩን ነገሯቸው፤ ይቅርታ ያድርጉልን፣ ያለ ነገር አደከምንዎ፣ ሰውዬው የመጽሐፍ ሰው ነው አሏቸው። መሪጌታ አልሳቁም። እስቲ ያቺ ልጅ የሞቱን ቦታ ታንብብልኝ አሉ። ጠመንጃው በተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ቆሜ አነበብሁ። ሐምሌውን፣ ጎርፉን፣ ሬሳውን ያገኘ የለም የሚለውን። ስጨርስ መሪጌታ ወደ እታበባ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያን ቀን ልየው፣ ልየው ስትዪ እኔም ከቤቴ ሰምቻለሁ» አሏቸው። «ሰሙን ሰፈሩ ሁሉ ሰማው። ወርቁን ግን ማን ያውጣው? ልታዪው ያልቻልሽው ማን ነው?»

እታበባ ዓይናቸውን ከባላቸው ላይ ተከሉ። የተናገሩት አያ ታምሩ ናቸው። ድምፃቸው በበርበሬ ዋጋ ሲከራከሩ የማውቀው ድምፅ አልነበረም።

«ፈጣምን በሐምሌ የሚሻገር የለም የምለው ተሻግሬው ስለማውቅ ነው» አሉ።

ከዚያ በቀስታ አወሩት። ጣልያን ሲያባርራቸው ወንዙ ሞልቶ ነበር። በጠፍር ተሳስረው ገቡ። በጠፍሩ መጨረሻ ላይ የነበረው የእታበባ ታናሽ፣ የአባቴ ታላቅ፣ አበጀ የሚባል ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው። ሌሎቹ ማዶ ወጥተው ጠፍሩን ሲስቡት ባዶውን መጣ። እኔ አጎት እንደነበረኝ ያን ቀን ነው የሰማሁ። በቤታችን ስሙ ተነሥቶ አያውቅም ነበር። ለምን ቢባል አያቴ ናቸው፤ ልጄ ይመጣል፣ ሞተ ያለኝ ሰው በቤቴ አይገባም ብለው ማሉ፤ ሳይለቀስለት፣ ሳይፈታለት፣ ሳይነሣ ቀረ። መርዶውን ሊናገሩ የሄዱት ደግሞ አያ ታምሩ ራሳቸው ኖረዋል።

«ሴትዮዋ ከበራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ» አሉ። «አፌን ሳልከፍት፣ መርዶ ይዘህ እንደሆን ተመለስ፣ እንግዳ ከሆንህ ግባ አሉኝ። እኔም ልናገር ስል ይቺ ሴት የመጀመሪያ ባሏን ፈትታ ተመልሳ ኖሮ እንስራ ተሸክማ ከኋላቸው ብቅ አለች።»

«እሺ» አሉ መሪጌታ።

«እንግዳ ነኝ አልሁ።»

መሪጌታ ጺማቸውን ይዘው ወደ ጣሪያው አዩ። ሳቅ እንደሆነ የገባኝ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ነው። አያ ታምሩ ግን ገና አልጨረሱም፤ ከዚያ በኋላ ነገ እነግራለሁ፣ ከሰርጉ በኋላ እነግራለሁ፣ አማቴ ሲሞቱ እነግራለሁ ስል ይኸው አረጀሁ አሉ። እታበባ ነጠላቸውን ከፊታቸው ላይ አነሡ። እኔ የሚጮኹ መስሎኝ ነበር።

«አውቄው የለም እንዴ» አሉ። «እንግዳማ ቢሆኑ ዓይንዎን ከመሬት ይተክሉ ነበር? ከእርስዎ አፍ እስክሰማው ብዬ ነው ልቅሶዬን ያስቀመጥሁት። ይኸ መጽሐፍ ቀደመዎ እንጂ።»

መሪጌታም፣ በሉ እንግዲህ መርዶው ደርሷል፣ የክርስትና ስሙን የሚያውቅ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። አባቴ ቢጠየቅ አያውቀውም፤ ከአበጀ በኋላ ነው የተወለደ። እታበባ ግን ልጅ ሆነው ወንድማቸው ክርስትና ሲነሣ ከእናታቸው ጎን ቆመው ነበር። «ገብረ መድኅን» አሉ፤ ቃሉን ለረጅም ጊዜ በአፋቸው ውስጥ ይዘውት የኖሩ ይመስል በጥንቃቄ አወጡት። ደግመውም፣ ገብረ መድኅን ነው አሉ፤ ውኃው ሲነካው አላለቀሰም፣ ሳቀ።

ፍትሐቱ በዚያው ሳምንት ተደረገ። አባቴም ከቡሬ መጣ። ለልየው የተጠመቀው ጠላ፣ ለልየው የተጋገረው ዳቦ ለአጎቴ ሆነ። ሰፈሩ እንደገና መጣ፤ አሁን ማን እንደሞተ እያወቀ መጣ። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ማንም ያላሰበው ነው። አንድ ሽማግሌ ለመሪጌታ በጆሯቸው የሌላ ሰው የክርስትና ስም ነገሯቸው፤ አንዲት ባልቴትም ተጎትተው መጥተው ሌላ ስም ጨመሩ፤ ሁሉም በዚያ ዘመን ሄደው ያልተመለሱ፣ ይመጣሉ እየተባለ ሳይለቀስላቸው የቀሩ ናቸው። መሪጌታ በዜማ ስማቸውን ሲጠሩ እኔ ዘቢብ የለመነ ልጅ ይመስል አፌን ከፍቼ እሰማለሁ። ከጸሎቱ በኋላ በዋንዛው ሥር ተበላ፣ ተጠጣ። ሽማግሌዎቹ ስለ ሙታኑ የሚያስቅ የሚያስቀውን ማውራት ጀመሩ። አጎቴ አበጀ ዘፈን አይችል ኖሮ፣ ሲዘፍን ጣልያን ቦታችንን ያውቅብናል እያሉ አፉን በጋቢ ያፍኑት እንደነበር አያ ታምሩ ሲናገሩ አባቴ ከሳቁ የተነሣ ዳቦው ትን አለው፤ ጀርባውን የመታሁት እኔ ነኝ፤ ያኔም እፈራ ነበር። ጥሩሰው ደግሞ ጠላ እየቀዳች፣ ልየው ነፍሱን ይማረው፣ ሳይወለድም ሰው አበላ አለች። በዚያች ቃሏ አያ ታምሩ ይቅር አሏት።

አስተማሪያችን ሰኞ ክፍል ገብተው መጽሐፍ የተዋስን ሁሉ ምን እንደተማርን እንድንናገር ጠየቁን። አንዱ ጀግንነት አለ፤ አንዱ ለአገር መሞት አለ፤ ሁሉም ጥሩ ተባለ። እኔ ተነሣሁ። አጎት እንደነበረኝ ተማርሁ አልሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪያችን ግን ዝም በሉ ብለው ቀጥይ አሉኝ። እኔ ግን ተቀመጥሁ። ዛሬ ቢጠይቁኝ ይህን እላቸው ነበር። ቤታችን ውስጥ ማንም ደፍሮ የማያነሣው ነገር ነበረ፤ ስለ ራሳችን ሰው ስለሆነ አፋችን አልታዘዘልንም። ስለ ሌላ ሰው ሲጻፍልን፣ ያ ሰው ጨርሶ ያልተወለደ እንኳ ቢሆን፣ በእሱ አስታከን አለቀስን። የልጅ ልጄ ከጻፈቻቸው አንዱንም አልነቅፍም፤ አገር መውደድም ጀግንነትም እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ነበሩ። በእኛ ግቢ ግን መጽሐፉ የሠራው የመርዶ ነጋሪ ሥራ ነው።

ፋሲካ አለፈ። አያ ታምሩ ስለ ትምህርቴ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ምን ተማርሽ ማለቱንም ተዉት። ይህ ዝምታቸው ከቁጣቸው ይልቅ አስጨነቀኝ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አንድ ቀን ከደጃፍ ተራ በተራ የሚያነጥሱ ሰዎች ሰማን። የቋሪት ሽማግሎች ናቸው፤ ጋቢያቸው የታጠበ፣ ዱላቸው የተቀባ። እኔ ጓዳ ገብቼ ከበርበሬው ጆንያ ኋላ ቆምሁ። ስለ እርሻው ተወራ፣ ስለ ዝናቡ ተወራ፣ ስለ ከብቱ ተወራ። በመጨረሻ ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ያ የተነጋገርንበት ጉዳይ እንዴት ሆነ አሉ።

«ልጅቱ መጽሐፏን አልጨረሰችም» አሉ አያ ታምሩ።

ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ ያለ ምክንያት ሰምተው አያውቁም። ዘመድ ታሟል፣ ጥሎሽ አንሷል፣ ዕድሜዋ አልደረሰም ቢባሉ መልስ አላቸው፤ ለዚህ ግን ምን ይባላል? መጽሐፍ ደግሞ ያለ ነገር የማይናቅ ነገር ነው፤ ዳዊት ይሁን ወንጌል አልጠየቁም። ትልቁ ሽማግሌ በመጨረሻ፣ ስንት ይሆናል፣ ወፍራም ነው እንዴ ብለው በትሕትና ጠየቁ። አያ ታምሩ አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ከፍተው አሳዩዋቸው። በእውነቱ ከመጽሐፉ እጥፍ ነበር የከፈቱት። ሽማግሎቹም ገርሟቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንግዲያው ስትጨርስ እንመለሳለን ብለው ጠላቸውን ጠጥተው ወጡ። ማስነጠሳቸው እስከ መንገዱ ድረስ ይሰማ ነበር።

እታበባ ወደ ጓዳ ገቡ። ከጆንያው ኋላ ጎትተው አወጡኝና አቧራዬን አራገፉልኝ፣ ፀጉሬን አስተካከሉልኝ። ከመቀነቱ ውስጥ መጽሐፉን አውጥተው በእጄ ላይ አስቀመጡትና ወደ በሩ በኩል አንዴ ዞር ብለው አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቀስ ብለሽ አንብቢ» አሉኝ።